ቤቱ ይሸጣል፣ መሬቱ አይሸጥም፦ በወላይታ ሶዶ የመኖሪያ ቤት ሽያጭ ውልና የገዢው መብት

አኅጽሮተ ጥናት

በኢትዮጵያ ሕግ መሠረት ቤት የግለሰብ፣ ቤቱ የቆመበት መሬት ግን የመንግሥትና የሕዝብ ሀብት ነው። ይህ ጽሑፍ ልዩነቱ በወላይታ ሶዶ ከተማና በዙሪያዋ በሚደረግ የመኖሪያ ቤት ሽያጭ ላይ የሚያስከትለውን ችግር ከሕጎቹ አንጻር ይመረምራል። የጽሑፉ መከራከሪያ፣ ገዢው ከሚከፍለው ገንዘብ አብዛኛው ለቦታው የሚከፈል ሆኖ ሳለ ውሉ የሚመሰክርለት ለቤቱ ብቻ በመሆኑ፣ ውሉ በፈረሰ ወይም ይዞታው ለሕዝብ ጥቅም በተወሰደ ጊዜ ያልተጻፈው የዋጋ ክፍል መጠየቂያ ያጣል የሚል ነው።

መግቢያ

በሶዶ ከተማ ቤት ለመግዛት የተነሣ ሰው በመጀመሪያ ለደላላው የሚያቀርበው ጥያቄ ስለ ቤቱ አይደለም። ቦታው ስንት ካሬ ነው፣ ካርታ አለው ወይ፣ ለአስፋልት ይቀርባል ወይ ይላል። የጭቃው ግድግዳ መሰንጠቁ፣ የጣሪያው ቆርቆሮ መዛጉ ዋጋ ለማስቀነስ ይነሣ ይሆናል እንጂ ግዢውን አያስቀርም፤ ብዙ ጊዜ ገዢው ቤቱን አፍርሶ በብሎኬት ሊሠራ አስቦ ነው የሚመጣው። ውሉ ሲጻፍ ግን ነገሩ ይገለበጣል። በወረቀቱ ላይ የሚሸጠው ቤቱ ነው፤ ቦታው በስፋቱና በአዋሳኞቹ ይገለጻል እንጂ ዋጋ አይወጣለትም። ሁለቱ ወገኖች የሚያውቁት አንድ፣ የሚፈርሙበት ሌላ ነው።

ይህ የተዋዋዮች ተንኮል ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። ሕጉ ራሱ ሌላ ዓይነት ውል እንዲጻፍ አይፈቅድም። በመሆኑም ጥያቄው ሰዎች ለምን እንዲህ ያደርጋሉ የሚል ሳይሆን፣ እንዲህ ሲያደርጉ ገዢው ምን ያህል ጥበቃ ይኖረዋል የሚል ይሆናል። ጥያቄው ለሶዶ በተለይ የሚከብድበት ምክንያት አለ። በ1999 ዓ.ም በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የወላይታ ዞን ሕዝብ 1.5 ሚሊዮን ገደማ፣ የሶዶ ከተማ ነዋሪ ደግሞ 76 ሺህ ገደማ ነበር፤ በዞኑ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ከ350 የሚበልጥ ሰው ይኖር ነበር ማለት ነው። በዚያው ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተቋቋመባት፤ በ2015 ዓ.ም መጨረሻ ደግሞ ከተማዋ የአዲሱ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ሆነች። ከዳሞታ ተራራ ግርጌ ያለው ቦታ የሚሰፋበት አቅጣጫ ጥቂት ነው፤ ፈላጊው ግን በዝቷል።

ቤትና መሬት የተለያዩበት መንገድ

ከ1887 ዓ.ም በኋላ የወላይታ መሬት በገባርና በጭሰኛ ሥርዓት ሥር ወድቆ እንደነበር ይታወቃል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም የታወጀው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠርን መሬት፣ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም የታወጀው አዋጅ ቁጥር 47 ደግሞ የከተማን ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት አደረጉ። ሁለተኛው አዋጅ ለአንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ አልፈቀደም፤ ለመኖሪያ ቤት የሚሰጠውን ቦታም በ500 ካሬ ሜትር ወሰነ። ቤትና መሬት በሕግ ፊት ሁለት የተለያዩ ነገሮች የሆኑት ከዚህ ጊዜ ጀምሮ ነው።

በ1986 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 80 የከተማ ቦታን በሊዝ መያዝን አስተዋወቀ፤ በ1994 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 272፣ በ2004 ዓ.ም ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 721 ተተካ። በመካከሉ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 3 መሬት የማይሸጥ የማይለወጥ የመንግሥትና የሕዝብ ንብረት መሆኑን ደነገገ። የዚሁ አንቀጽ ንዑስ አንቀጽ 7 ግን ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬት ላይ በሠራው ቋሚ ንብረት ላይ ሙሉ መብት እንዳለው ይናገራል፤ መብቱም መሸጥን፣ ማውረስን፣ የመሬት ተጠቃሚነቱ ሲቋረጥም ንብረቱን ማንሳትን፣ ባለቤትነቱን ማዛወርን ወይም ካሣ መጠየቅን ይጨምራል። «ንብረቱን ማንሳት» ወደሚለው ሐሳብ በኋላ መመለስ ያስፈልጋል።

ያልተጻፈው ዋጋ

ነገሩን በቁጥር ማየት ይረዳል። ቀጥሎ ያለው ስሌት ለማስረዳት የተወሰደ እንጂ የሶዶ ገበያ መረጃ አይደለም። አንድ ቤት በ2,500,000 ብር ተሸጠ እንበል። ያንኑ ቤት በዕለቱ የግንባታ ዕቃና የጉልበት ዋጋ እንደገና ለመሥራት 900,000 ብር ይበቃል። ቀሪው 1,600,000 ብር የምንድን ነው ዋጋ? የቦታው ከመንገድ፣ ከገበያ፣ ከትምህርት ቤት ያለው ቅርበት ዋጋ መሆኑ ግልጽ ነው። ይህ ዋጋ በሕግ ፊት ሻጩ ሊሸጠው የሚችል ነገር አይደለም፤ በገበያው ግን የሽያጩ ዋና አካል ነው።

የመጀመሪያው አደጋ ከቴምብር ቀረጥ ጋር ይያያዛል። በአዋጅ ቁጥር 110/1990 መሠረት በንብረት ባለቤትነት ማዛወሪያ ሰነድ ላይ ከንብረቱ ዋጋ 2 በመቶ ይከፈላል፤ በሌላ በኩል ሻጩን የሚመለከት የካፒታል ዕድገት ግብር አለ። በዚህ ምክንያት በውሉ ላይ ዝቅተኛ ዋጋ መጻፍ በየከተማው የተለመደ ነው። ከላይ በተጠቀሰው ምሳሌ ተዋዋዮቹ 900,000 ብር ብቻ ቢጽፉ ቀረጡ ከ50,000 ብር ወደ 18,000 ብር ይወርዳል፤ ማዘጋጃ ቤቱ በራሱ ግምት ካላስከፈላቸው በቀር 32,000 ብር ያተርፋሉ። ትርፉ ትንሽ አይደለም። ሆኖም ውሉ በኋላ በፍርድ ቤት ቢፈርስ የሚከተለው ውጤት ከዚህ ጋር አይመጣጠንም። ውል ሲፈርስ ተዋዋዮች ወደ ነበሩበት ይመለሳሉ፤ ሻጩ የተቀበለውን ይመልሳል። የተቀበለው ስንት ነው? የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2005 በጽሑፍ የሰፈረ ሰነድ በፈራሚዎቹ መካከል ሙሉ ማስረጃ እንደሚሆን፣ አንቀጽ 2006 ደግሞ በሰነዱ የተጻፈውን ለማስተባበል የሰው ምስክር እንደማይሰማ ይደነግጋሉ። እንግዲህ ገዢው ለ32,000 ብር ሲል 1,600,000 ብር ያለ ማስረጃ አስቀምጧል። ይህን ሲፈርም የሚነግረው ሰው አለመኖሩ የሚያሳዝን ነው፤ ደላላው ኮሚሽኑን የሚያገኘው ሽያጩ ሲፈጸም እንጂ ሲዘገይ አይደለም።

አንዳንድ ተዋዋዮች ለዚህ መድኃኒት ብለው ሁለት ውል ይጽፋሉ፤ አንዱ ለማዘጋጃ ቤት፣ ሌላው በሽማግሌዎች ፊት ተፈርሞ በኪስ የሚቀመጥ። የኪሱ ውል በወላይታ ማኅበረሰብ ዘንድ ክብደት እንዳለው አይካድም፤ ሽማግሌ የፈረመበትን ቃል ማጠፍ ነውር ነው። ይሁን እንጂ ሻጩ ሞቶ ወራሾቹ ከሌላ ከተማ ሲመጡ፣ ወይም ቤቱ በሻጩ ዕዳ ሲያዝ፣ የነውር ኃይል እዚያ ላይ ያበቃል።

የውሉ ቅርጽ

የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ካልሆነ እንደማይጸና የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2877 ይናገራል። አንቀጽ 1723 ደግሞ በጽሑፍ መሆኑ ብቻ ሳይበቃ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሰው ዘንድ መመዝገብ እንዳለበት ይጨምራል። ሁለቱ አንቀጾች እንዴት አብረው ይነበባሉ የሚለው ለብዙ ጊዜ አከራክሯል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 21448 በ1999 ዓ.ም በሰጠው ውሳኔ ምዝገባው ለውሉ መጽናት አስፈላጊ መሆኑን አስታወቀ። የሰበር የሕግ ትርጉም በየትኛውም ደረጃ ያሉ የክልል ፍርድ ቤቶችንም ስለሚያስገድድ፣ ውሳኔው ለሶዶ ገዢም ይሠራል። ችሎቱ ከዚያ በኋላ ተዋዋዮቹ ሽያጩን ካልካዱ የምዝገባ ጉድለት ብቻውን ውሉን እንደማያፈርስ በማሳየት ጥብቅነቱን አላልቶታል። ይህ ፍትሐዊ ይመስላል፤ በተግባር ግን የገዢውን ዕድል በሻጩ ሐቀኝነት ላይ ይጥለዋል። የቦታ ዋጋ በአምስት ዓመት እጥፍ በሚሆንበት ከተማ መካድ የሚያስገኘው ጥቅም ከዓመት ወደ ዓመት ያድጋል።

ከውሉ ሌላ ስም ማዛወር አለ። ሕጉ በአንቀጽ 2878 ሽያጩ በማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ ካልተመዘገበ በሦስተኛ ወገን ላይ ውጤት እንደሌለው ይደነግጋል። በ1952 ዓ.ም የወጣው ይኸው ሕግ ዝርዝሩን ያሰፈረለት መዝገብ ግን በራሱ በሕጉ አንቀጽ 3363 ተግባራዊነቱ ታግዶ ቆየ፤ ቦታውን የማዘጋጃ ቤት ፋይል ተካው። አዋጅ ቁጥር 818/2006 የከተማ መሬት ይዞታ ምዝገባን በአዲስ መልክ ለማደራጀት የወጣ ነው። በአንድ ከተማ የአዲሱ ምዝገባ ሥራ እስኪጠናቀቅ ድረስ ገዢው የሚተማመነው በካርታው፣ በሳይት ፕላኑ፣ በግብር ደረሰኙና ፋይሉን በሚያወጣው ሠራተኛ ነው።

ነባር ይዞታ ሲሸጥ

በሶዶ አሮጌ ሰፈሮች ያሉ ይዞታዎች አብዛኞቹ ሊዝ ከመጀመሩ በፊት የተያዙ፣ ዓመታዊ የቦታ ኪራይ ብቻ የሚከፈልባቸው ነባር ይዞታዎች ናቸው። ሻጩ የሚያሳየው ደረሰኝ በዓመት ጥቂት ብር የተከፈለበት ነው፤ ገዢውም እርሱ የሚከፍለው ያንኑ ያህል እንደሚሆን ያስባል። የአዋጅ ቁጥር 721 አንቀጽ 6 ንዑስ አንቀጽ 3 ግን በነባር ይዞታ ላይ ያለ ንብረት ከውርስ በስተቀር በማናቸውም መንገድ ለሌላ ሰው ሲተላለፍ፣ ተቀባዩ መሬቱን የሚይዘው በሊዝ ሥሪት እንደሚሆን ደንግጓል። ልጅ ከአባቱ ቢወርስ ነባር ባለይዞታ ሆኖ ይቀጥላል፤ ያንኑ ቤት ከወንድሙ ድርሻ ቢገዛ ግን ለገዛው ክፍል ሊዝ ከፋይ የመሆን ጥያቄ ይነሣበታል። በወላይታ የቤተሰብ ይዞታ በወንድማማቾች መካከል የሚከፋፈልበት ልማድ ሰፊ በመሆኑ ይህ የዳር ጉዳይ አይደለም።

የሊዝ ክፍያው በመነሻ ዋጋ ይሰላል። መነሻ ዋጋው በካሬ 500 ብር ነው ብለን ብናስብ፣ 200 ካሬ ሜትር ላለው ቦታ ጠቅላላው 100,000 ብር ይመጣል። ቅድመ ክፍያው ከ10 በመቶ እንዳያንስ አዋጁ በአንቀጽ 20 ያዛል፤ ቀሪው በየዓመቱ ይከፈላል፣ ወለድም ይታሰብበታል። መነሻ ዋጋው ቢያንስ በየሁለት ዓመቱ እንዲከለስ የተደነገገ በመሆኑ፣ ቀብድ ከፍሎ ስም ማዛወሩን ያዘገየ ገዢ ሳያውቀው በሌላ ዋጋ ሊስተናገድ ይችላል። ይህን ወጪ ማን ይሸፍን የሚለው በውሉ ውስጥ ካልሰፈረ ገዢው ላይ ይወድቃል፤ ሕጉ በሊዝ ከፋይነት የሚያውቀው እርሱን ነውና።

የሊዝ ይዞታ ራሱ ሲሸጥ ደግሞ ሌላ ወሰን አለ። ግንባታው ከመጀመሩ በፊት ወይም ግማሽ ሳይደርስ የሊዝ መብቱን ማስተላለፍ የሚቻለው በአንቀጽ 24 መሠረት አግባብ ያለው አካል በሚቆጣጠረው ግልጽ ሽያጭ ብቻ ነው። ሻጩ የከፈለውን ሊዝ ከነወለዱ፣ የሠራውን ግንባታ ዋጋና ከመተላለፊያ ዋጋው 5 በመቶ ያገኛል፤ የቀረው የመንግሥት ነው። ድንጋጌው መሬት እየያዙ ማትረፍን ለመከላከል የታሰበ ነው። ሐሳቡ ተገቢ ቢሆንም፣ መሠረት አውጥቶ ገንዘብ ያለቀበትን የመንግሥት ሠራተኛና ነጋዴውን ተጫራች በአንድ ዓይን ያያል። በመሆኑም መሠረት ብቻ የወጣለት ቦታ በውክልና ስም ሲሸጥ ይታያል፤ ገዢው በሻጩ ስም እየሠራ፣ በሻጩ ስም ሊዝ እየከፈለ ይቆያል። ውክልና ግን ወካዩ በፈለገ ጊዜ የሚሽረው፣ ሲሞትም የሚያበቃ ሥልጣን ነው።

የከተማው ዳርቻ

ከከተማው ወሰን አጠገብ ባሉ የገጠር ቀበሌዎች ሁኔታው ይከፋል። ገበሬው የያዘው መሬት እንዲሸጥ በምንም መንገድ አልተፈቀደለትም፤ የገጠር መሬት ሽያጭ ውል ከመነሻው ፈራሽ ነው። ስለዚህ ሽያጩ የስጦታ፣ የብድር ወይም የረጅም ጊዜ ኪራይ ውል መልክ ይይዛል። የብድሩ ዓይነት በተለይ ልብ ሊባል ይገባል፦ ገበሬው ያልተበደረውን ገንዘብ እንደተበደረ ይፈርማል፣ መሬቱንም «ገንዘቡን እስክመልስ ይጠቀምበት» ብሎ ይለቃል። ገዢው በዚያ ላይ በሌሊት የሚቆም የጨረቃ ቤት ይሠራል፤ ያለ ፈቃድ መሥራት በሊዝ አዋጁ ከባድ የወንጀል ቅጣት እንደሚያስከትል እያወቀም ቢሆን።

ሁለቱም ወገኖች የሚጠብቁት አንድ ነገር ነው፤ ከተማው ሲሰፋ ይዞታው «ሰነድ አልባ» ተብሎ በአንቀጽ 6 ንዑስ አንቀጽ 4 መሠረት ወደ ሊዝ ሥርዓት እንዲገባ። ድንጋጌው ይህን የሚፈቅደው ይዞታው ከከተማው ፕላን ጋር ሲጣጣም ነው። ፕላኑ መንገድ ወይም አረንጓዴ ቦታ ካለው ገዢው ምንም የለውም።

የገበሬውም ሒሳብ ሊዘነጋ አይገባም። በወላይታ አነጋገር ከቤት አጠገብ ያለው፣ እንሰትና ቡና የተተከለበት በፍግ የዳበረ ጓሮ «ዳርኳ»፣ ራቅ ያለው የእህል ማሳ «ሾቃ» ይባላሉ። ለጨረቃ ቤት በመጀመሪያ የሚሸጠው ለመንገድ የቀረበው ሾቃ ነው፤ ዳርኳው የመጨረሻው ነው። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ከይዞታው በቋሚነት ለሚነሣ ገበሬ ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛ የሆነውን ዓመታዊ ገቢ በ15 አባዝቶ የመፈናቀል ካሣ እንዲከፈለው ያደርጋል። ሾቃውን በድብቅ የሸጠ ገበሬ ይህን ካሣ አስቀድሞ በእጁ በገባው ብር ለውጧል ማለት ነው። ከተማው እስኪደርስ ከጠበቀ ያገኘው የነበረው ያንሳል ወይስ ይበልጣል የሚለው እንደ ቦታው ይለያያል፤ ነገር ግን ብዙውን ጊዜ የሚሸጠው አስልቶ ሳይሆን ከተማው ያለ በቂ ካሣ ይወስድብኛል በሚል ስጋት መሆኑን መገመት አያዳግትም።

ማንሳት የሚቻል ቤት

አሁን በሕገ መንግሥቱ ወደተጠቀሰው «ንብረቱን ማንሳት» እንመለስ። ከሶዶ በስተደቡብ፣ በጋሞ ደጋ ላይ፣ የዶርዜ ሰዎች ከቀርከሃ የሚጠልፉት ረጅም ቤት አለ። ምስጥ የግድግዳውን ግርጌ ሲበላው ቤቱ ከታች እየተቆረጠ ያጥራል፤ አስፈላጊ ከሆነም ሰዎች ተሰብስበው ተሸክመውት ወደ ሌላ ቦታ ይወስዱታል። ለዚህ ቤት ባለቤት ንብረቱን የማንሳት መብት እውነተኛ መብት ነው። በሶዶ ከተማ በጭቃ ለተመረገ ወይም በብሎኬት ለተገነባ ቤት ግን ማንሳት ማለት ማፍረስ ነው፤ የሚነሣው በርና መስኮት፣ ቆርቆሮና ጥቂት እንጨት ነው። የሕጉ ቃል ለሁለቱም አንድ ቢሆንም የያዘው ዋጋ ፈጽሞ የተለያየ ነው።

ተመሳሳይ ችግር በሌላው ዓለም በሌላ መልክ ይታያል። በአሜሪካ በፋብሪካ ተሠርቶ ተጎትቶ የሚመጣ ቤት ገዝቶ በተከራየው ቦታ ላይ የሚያስቀምጥ ሰው ብዙ ነው፤ ለዚህ ዓይነቱ ቤት ከ1976 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራ የፌዴራል የግንባታ ደረጃ አለ። ቤቱ በስሙ ተንቀሳቃሽ ቢባልም ከቆመ በኋላ ማንቀሳቀሱ ውድ ነው። ስለዚህ የቦታው ባለቤት ኪራይ ሲጨምር ቤቱ የራሱ የሆነው ሰው መሄጃ ያጣል። በኒው ሃምፕሸር ግዛት ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነዋሪዎች በማኅበር ተደራጅተው ቦታውን እየገዙ ከዚህ የሚወጡበት መንገድ ተገኝቷል። በኢትዮጵያ መሬት ስለማይሸጥ ይህ መንገድ ዝግ ነው፤ በአንጻሩ የቦታው ባለቤት ግለሰብ ባለመሆኑ ለመኖሪያ የተሰጠው የ99 ዓመት ዘመን ከማንኛውም የግል ኪራይ የረዘመ ዋስትና ነው። ንጽጽሩ የሚጠቅመው የገዢው ድክመት ከየት እንደሚመነጭ ስለሚያሳይ ነው፦ ቤቱን ማንሳት ካለመቻሉ።

ለዚህም በሶዶ ከመኖሪያ ቤቱ ይልቅ የኮንቴይነርና የቆርቆሮ ሱቅ ሽያጭ ይበልጥ ግልጽ ነው። ሱቁን የሚገዛ ነጋዴ ሣጥኑንና የቆመበትን ቦታ ፈቃድ ለይቶ ይጠይቃል፤ ፈቃዱ ከሌለ ሣጥኑን በሣጥን ዋጋ ይገዛል፣ በክሬን ያነሣዋል። የመኖሪያ ቤት ገዢ ይህን ልዩነት አያደርግም፤ ካሣ በሚተመንበት ቀን ግን መንግሥት ያደርግለታል። በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 የቤት ካሣ የሚሰላው ቤቱን እንደገና ለመሥራት በሚያስፈልገው ወጪ ነው፤ ለቦታው ምትክ ቦታ ወይም ምትክ ቤት ይሰጣል እንጂ ቅርበቱ በብር አይተመንም። ከላይ በተወሰደው ምሳሌ ገዢው 900,000 ብርና ምናልባት ከገበያው የራቀ ምትክ ቦታ ይዞ ይወጣል።

ከዚህ በመነሣት በዞኑ ውል የሚያዋውሉና የሚያረጋግጡ የፍትሕ አካላት በሚጠቀሙበት የቤት ሽያጭ ውል ቅጽ ላይ ሦስት መስመሮች ቢጨመሩ ወጪ አይጠይቁም። አንደኛው ይዞታው ነባር፣ ሊዝ ወይም ሰነድ አልባ መሆኑንና ወደ ሊዝ ሲገባ ክፍያውን ማን እንደሚሸፍን ይገልጻል። ሁለተኛው በሊዝ ለተያዘ ቦታ ያልተከፈለውን ሊዝና የቀረውን ዘመን ያሰፍራል፤ በ2004 ዓ.ም ለመኖሪያ የተፈረመ ሊዝ በ2103 ዓ.ም ያበቃል። ሦስተኛው ውሉ ቢፈርስ የሚመለሰው ገንዘብ በባንክ የተላለፈው ሙሉ ገንዘብ መሆኑን ያረጋግጣል። የመጨረሻው መስመር ዝቅተኛ ዋጋ ለመጻፍ ያለውን ፍላጎት ስለሚጋፋ ከሻጭም ከገዢም ተቃውሞ እንደሚገጥመው መጠበቅ ነው፤ የቀረጡ መጠን ዝቅ ሳይል ይህ ተቃውሞ ይቀንሳል ብሎ ማሰብ አስቸጋሪ ነው።